ስለ «ቀላል» እግረኛ ሸክም፤ የወታደር ሐሪስ ትዝታ ሲመረመር

የእንግሊዝ 95ኛ ሬጅመንት ሲነሣ አንባቢ ቶሎ ትዝ የሚለው መልኩ ነው፤ ይኸውም ጥቍር አረንጓዴ ኮት፥ ጥቍር የቆዳ መታጠቂያና የቤከር ጠመንጃ ነው። ይህ መልክ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሌላው እግረኛ ቀይ ለብሶ፥ ተሰልፎ በአንድነት ሲተኩስ፥ በ1800 (በፈረንጅ አቈጣጠር) የተቋቋመው ይህ ጦር ግን ከሰልፉ ቀድሞ ተበታትኖ፥ ዛፍና ድንጋይ ተከልሎ፥ ዒላማውን እየመረጠ እንዲመታ የታሰበ ነበር። ጠመንጃውም በአፈሙዙ ውስጥ ጠምዛዛ ቦይ ስላለው ለማጉረስ ቢዘገይም አነጣጥሮ ለመምታት ከተራው ይበልጥ ነበር። ስለ ደንብ ልብስ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ።

የቤንጃሚን ሐሪስ መጽሐፍ የሚጠቅመን ከዚህ ወዲያ ነው። ሐሪስ ተራ ወታደርና ጫማ ሰፊ ነበር፤ የነገረውን ሄንሪ ከርሊንግ የተባለ መኮንን ጽፎ በ1848 አሳተመው። ሐሪስ ሸክሙን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የጀርባ ሻንጣ፥ በላዩ የተጠቀለለ ካፖርት፥ ብርድ ልብስ፥ ድስት፥ ውኃ የሞላ ኮዳ፥ መጥረቢያ፥ የሦስት ቀን ስንቅ፥ 80 ጥይትና ጠመንጃው። በዚህ ላይ የጓደኞቹን ጫማ የሚጠግንበት ቆዳና መዶሻ ነበረ። ቆዳ የሚቀጠቅጥበትን ድንጋይ ግን ወርውሮ ጣለው፤ ደግ አደረገ! «ቀላል» የሚለው ስም ለውጊያው ስልት የተሰጠ እንጂ ለጀርባው አልነበረም።

በ1808 መጨረሻ ጄኔራል ክሮፈርድ ጦሩን ይዞ በስፔን ተራራዎች ወደ ቪጎ ወደብ ሲያፈገፍግ ብዙ ሰው በመንገድ ወድቆ ቀረ። ሐሪስ ብዙዎቹን የገደላቸው የተሸከሙት ሻንጣ ነው ብሎ ይፈርዳል። በበኩሌ ይህን ፍርድ እንዳለ አልቀበለውም። ረኃቡን፥ ብርዱንና ያለቀውን ጫማ ራሱ ይተርካልና ሸክሙን ከእነዚህ ለይቶ ብቻውን መክሰስ አይቻልም። ደግሞም ታሪኩ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በሌላ ሰው እጅ ስለ ተጻፈ የነገሩ ቅደም ተከተል ይፋለሳል፤ አነጋገሩም የጫማ ሰፊው ይሁን የመኮንኑ አንዳንድ ጊዜ ያጠራጥራል። የሸክሙ ቈጠራ ግን ከዚህ ጥርጣሬ የሚያመልጥ ይመስለኛል፤ መጽሐፍ ለማስዋብ የሚፈልግ ጸሐፊ ጀግንነት ይጨምራል እንጂ መዶሻና ቍራጭ ቆዳ አይፈጥርም።

ስለዚህ የዚህን ሬጅመንት ልብስ የሚያጠና ሰው ከሥዕሉ ጐን ሐሪስን ማንበብ ይገባዋል። ከቪጎ ተሳፍረው እንግሊዝ አገር የወረዱት ሰዎች ጢማቸው ያደገ፥ ልብሳቸው የተቦጫጨቀ፥ ብዙዎቹም ባዶ እግራቸውን ነበሩ።