የወለቀው ጫማ

ሬምብራንት በመጨረሻ ዓመታቱ የሣለውን «የጠፋው ልጅ መመለስ» አይታችሁት ይሆናል። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ተማሪዎች ከሥዕሉ የመረጡትን ክፍል በእርሳስ ሥለው ስለ ሥራቸው አንድ አንድ ገጽ ጻፉ። አብዛኞቹ የአባትየውን እጆች ሣሉ፤ ጽሑፋቸውም «እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ሥዕሉን ሳያዩም ይጻፋል።

አንዷ ከልጁ እግር የወለቀውን ጫማ ብቻ ሣለች። መስመሯ ይንቀጠቀጣል፤ ጥላውም ቦታውን ስቷል። ጽሑፏ ግን እንዲህ ይላል፦ «ጫማውን ስሥል የእኔ እንዳላለቀ አየሁ። ከቤት ወጥቼ አላውቅም። በስተቀኝ የቆመው ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ።» መጨረሻ ላይ «ብዙ ተምሬአለሁ» ባትል ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር።

እናንተም ስትጽፉ ከምታውቁት መልስ ሳይሆን ካያችሁት ጀምሩ።