አኮ መኖዬና ብሩቱስ፦ ስለ ዘውድ መውደቅ የሚነገሩ ሁለት ትረካዎች

ስለ አኮ መኖዬ የሚነገረው ትረካ በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የታወቀ ነው። ይህች ንግሥት ወንዶችን ከዐቅማቸው በላይ በሆነ ትእዛዝ ታስጨንቅ ነበር ይባላል። አንድ ቀን በሰማይና በምድር መካከል ቤት እንዲሠሩላት አዘዘች፤ አንድ ብልህ ሽማግሌ ግን መሠረቱን አስቀድማ ራስዋ ታኑር ብለው እንዲመልሱላት መከራቸው። በፍጻሜውም ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው በቁርበት ሸፈኑት፤ ንግሥቲቱም ልትቀመጥበት ስትል ወድቃ ጠፋች።

ከዚህ ተነሥተው በጥንት ዘመን የሴቶች መንግሥት ነበረ የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት የትረካን ጠባይ ያልመረመረ ይመስለኛል። ለንጽጽር የሮማውያንን እንመልከት። ሮማውያን በ509 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ንጉሣቸውን ታርኲንዮስን አባረው ሥልጣኑን በየዓመቱ ለሚለወጡ ሁለት ቆንስሎች ሰጡ ይላሉ። መሪያቸው ሉክዮስ ዩንዮስ ብሩቱስ ከንጉሡ ለመዳን እንደ ጅል ሆኖ ይኖር ነበር፤ ስሙም ደነዝ ማለት ነው። የተነሣውም የንጉሡ ልጅ ሉክሬጥያን ስለ ደፈረ ነው። ነገሩን በስፋት የጻፈው ሊቪዮስ ግን ከ4 መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኖረ ስለሆነ፣ ከጥንቱ ድርጊት ይልቅ የራሱን ዘመን ሐሳብ ያስረዳናል።

በሁለቱም ትረካ ብልሃት ኀይለኛውን ይጥላል፤ ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይበልጣል። ሮማውያን የነጻ አውጪውን ስም ጠብቀው፣ ዘውድን ሊመልሱ የዶለቱትን የገዛ ልጆቹን በሞት እስከ መቅጣት የደረሰ ጽናቱን ያወሳሉ። በእኛ አገር ትረካ ሽማግሌው ስም የለውም፤ ስሟ የቀረው የወደቀችው ናት። በሮማ ሴቲቱ ተበዳይ ስትሆን እዚህ በዳይ ናት።

የሽማግሌው ስም አለመነሣቱ ጉድለት አይደለም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲጽፉ ኦሮሞ ንጉሥ እንደሌለውና ለሉባ 8 ዓመት እንደሚታዘዝ መስክረዋል፤ ስለ ንግሥቲቱ ግን አንዳች አላነሡም። ሥልጣንን ለአንድ ሰው ለዘወትር የማይሰጥ ሕዝብ፣ የነጻነቱንም ክብር ለአንድ ጀግና አልሰጠም።

ነገር ግን ትረካው ሌላም ሥራ አለው። የገዳ ሹመት የወንዶች ነውና፣ ሴት ስለ ምን ከዚያ ውጭ ሆነች ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ መልሱን የሚናገረውም ያሸነፈው ወገን ነው። ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው በደልን የሚቃወሙበት ልማድ በዚያው ሕዝብ መካከል መኖሩ፣ ክርክሩ ገና እንዳልተዘጋ ያሳያል። ስለዚህ ተመራማሪው አኮ መኖዬን ከነገሥታት ዝርዝር ከማስገባቱ በፊት፣ ትረካውን ማን ለማን እንደሚተርከው ይጠይቅ፤ ከሴቶችም አፍ ይስማው።