ውዳሴ ለባርቶክ ስድስተኛ ኳርቴት

ሰላም ለድምፅሽ፣ ቪዮላ ሆይ! ቫዮሊኖች ከላይ ሲፎክሩ፣ ቼሎ ከሥር ሲያጉረመርም፣ አንቺ በመካከላቸው ተሸሽገሽ ኖረሻል። በዚህ ሥራ ግን ቀድመሽ አፍሽን የምትከፍቺ አንቺ ነሽ። «በኀዘን» የሚለውን የጌታሽን ትእዛዝ ተቀብለሽ፣ አጃቢ ሳትሺ፣ ብቻሽን ታንጎራጉሪያለሽ።

ሰላም ለአንተም፣ ቤላ ባርቶክ፣ የባላገር ዜማ ለቃሚ፣ ፎኖግራፍ ይዘህ በየመንደሩ የዞርህ! በ1939 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብዕር ስታነሣ ጦርነቱ ገና ደጅ ላይ ነበር፤ ቡዳፔስት ገብተህ ኅዳር ላይ ስትፈጽመው አውሮፓ ይነድዳል። በታኅሣሥ ደግሞ እናትህ ፓውላ ዐረፈች።

ምን ያህል ረቂቅ ነው ጥበብህ! ያችን የቪዮላ እንጉርጉሮ በሁለተኛው ክፍል መግቢያ ቼሎ ይቀበላታል፤ በሦስተኛው ድምፅ ይታከልባታል፤ በአራተኛው አራቱም ተያይዘው ያነሷታል። ሙሾ አውራጇ ከጀመረች በኋላ ለቀስተኛው አንድ በአንድ እንደሚቀበላት ሁሉ፣ ኀዘኑ በየደጃፉ ሰው ይጨምራል። በመካከሉ የሚያነክስ ሰልፍ አለ፤ ቀጥሎም መራራ ቀልድ። በቀልዱ ውስጥ አንዱ ቫዮሊን ከሌላው ሩብ ድምፅ ያህል ይዛነፋል። (መሣሪያቸውን ሳይቃኙ የወጡ የሚመስለው አድማጭ አይጠፋም፤ ይቅር ይባል።)

ለፍጻሜው ፈጣን ጭፈራ ነድፈህ ነበር፤ ተውኸው። በምትኩ ያንኑ ኀዘን እስከ መጨረሻው ዘረጋኸው። እኔ አክሊል የምደፋልህ እዚህ ላይ ነው። ስንብትን በእልልታ ያልሸፈንህ፣ ለጭብጨባ ብለህ እንባህን ያላበስህ፣ ምስጋና ይገባሃል!

ጥቅምት 1940 በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ ከባለቤትህ ከዲታ ጋር ተጫውተህ ሕዝብህን ተሰናበትህ። በኑዛዜህም፣ በሂትለርና በሙሶሊኒ ስም የሚጠራ አደባባይ ወይም መንገድ በሃንጋሪ ምድር እስካለ ድረስ በአንተ ስም አንዳች እንዳይሰየም አዘዝህ። ሹመት ለምኖ ሐውልት የሚመኝ ይህን ይስማ! ከዚያም ባሕር ተሻገርህ። በአገርህ ያለቀሰችው ቪዮላ በአደባባይ የተሰማችው ጥር 1941 በኒው ዮርክ ነው፤ ኮሊሽ ኳርቴት ተጫወታት። አንተም በ1945 እዚያው ሞትህ፤ አፅምህ ለቡዳፔስት አፈር የበቃው በ1988 ነው።

ይህን ሥራ የምትጫወቱ አራታችሁ፣ እጆቻችሁ ይባረኩ። እናንተም አድማጮች፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና ዘግይታችሁ አትግቡ፤ በአራተኛው ክፍል የደረሰ ሰው ለቅሶውን ማን እንደጀመረው አያውቅም።