«ሲስተር» ደሞዝተኛ ናት

ሂርና ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት። እኔ ነርስ ነኝ። ወንድ በመሆኔ ብቻ በቀን ሃያ ጊዜ ዶክተር እባላለሁ። አብራኝ ተረኛ የምትገባው ባልደረባዬ ጤና መኮንን ናት፤ በማዕረግም በኃላፊነትም ትበልጠኛለች፤ እሷ ግን «ሲስተርዬ» ናት። ማንም በክፋት አይለውም። እንደውም «ሲስተርዬ» ሲባል ውስጡ ፍቅር አለበት።

ችግሩ ያለው እዚያው ፍቅሩ ውስጥ ነው። ዶክተር የሙያ ስም ነው፤ ባለሙያ ይማራል፣ ይከፈለዋል፣ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ሰውም «አለፈለት» ይለዋል። ሲስተር ግን እህት ናት፤ ከጥንትም መነኩሲት ናት። እህት ደሞዝ አትጠይቅም፤ መነኩሲት ገዳሟን ትታ አትወጣም። ስለዚህ ሲስተር የሄደች ቀን «ጥላን ሄደች» ይባላል።

ስለዚህ ቃል አጥብቄ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ወፍራም ልቦለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የአብርሃም ቨርጊስ «ካቲንግ ፎር ስቶን»። ቨርጊስ ሕንዳውያን ከሆኑ መምህራን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው። ሕክምና መማር የጀመረው እዚሁ ነበር፤ አብዮቱ አቋረጠው። ልቦለዱ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው አዲስ አበባ ባለች «ሚሲንግ» በምትባል ምናባዊ ሆስፒታል ዙሪያ ነው። ስሟ መሆን የነበረበት «ሚሽን» ነው፤ በኢትዮጵያውያን አንደበት ግን «ሚሲንግ» ሆነ ይለናል ደራሲው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ የአማርኛ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሸ፣ ሹ፣ ሺ እያልን ያደግን ሰዎች «ሚሽን» ማለት እንዴት ያቅተናል? ይሁን፤ ለታሪኩ የሚያምር ስም ነውና እንለፈው።

መጽሐፉን እወደዋለሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍልን እንደ እሱ የጻፈ ሌላ ልቦለድ አላነበብኩም። ጸቤ ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነው፤ ነርሷን ከሚያስጉዝበት መንገድ ጋር። መጨረሻውን ስለምነካው፣ ያላነበባችሁ እያወቃችሁ ግቡ።

ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬዝ ሕንዳዊት መነኩሲትና ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ከማድራስ ተነስታ፣ ከሌላ ወጣት መነኩሲት ጋር በመርከብ ወደ ኤደን ታመራለች፤ ወደ የመኗ ኤደን። ጓደኛዋ መርከቧ ላይ በተስቦ ትሞትባታለች። እዚያው መርከብ ላይ ቶማስ ስቶን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታማ፣ እሷ ታስታምመዋለች። ኤደን ደርሳ ትሠራለች። ከዚያ አንድ ነገር ይደርስባትና ሸሽታ አዲስ አበባ ሚሲንግ ደጃፍ ላይ ትገኛለች። ሰባት ዓመት ከስቶን ጎን ቆማ፣ መሣሪያውን ገና ሳይጠራ እጁ ላይ እያስቀመጠች ትሠራለች። የመማሪያ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የምታግዘውም እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 መንታ ልጆች ስትወልድ ትሞታለች። ከመነኮሰች በኋላ ማርገዟን ማንም አላወቀም ነበር። የሚተርክልን ከመንታዎቹ አንዱ፣ ማሪዮን ነው።

ከአህጉር አህጉር ተሻግራ በሦስት አገር የሠራች ሴት ናት ማለት ነው። በዛሬ ቋንቋ ተዘዋዋሪ ነርስ ብንላት ነውር የለውም። ታዲያ ለምን ሄደች? ልቦለዱ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ተጠርታ። ለምን ቆየች? ወዳ። በጥሪና በፍቅር መካከል ሌላ ምክንያት የለም። ውል የለም፣ ፈረቃ የለም፣ «ይሄ ቦታ ለኔ ይሻለኛል ወይ» ብላ የምታሰላበት አንድ ምሽት የለም።

ኤደን ላይ ምን ደረሰባት? አይነገረንም። ከ500 ገጽ በላይ ባለው መጽሐፍ ውስጥ የሕይወቷ ከባዱ የሥራ ቦታ ባዶ ገጽ ነው። ዝምታ አንዳንዴ ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ ከሐረርጌ ብዙ ወጣቶች በድሬዳዋ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ። ከዚያ መንገድ የተመለሱትን ቁስላቸውን አጥበናል። ስለ ባሕሩ ማዶ ስንጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያ የሚያዩ አሉ። የእነሱን ዝምታ የመስበር መብት የለኝም። ልቦለዱ ግን ዝም የሚለው መርጦ ነው። የቶማስ ስቶን የልጅነት ቁስል መጽሐፉ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በዝርዝር ተከፍቶ ይነበብልናል፤ ለምን እንደዚያ ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድንረዳው፣ እንድናዝንለትም። የነርሷ ኤደን ተዘግቶ ይቀራል። መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤዋ ይገኛል፤ የተጻፈው ለሰውየው ነው፤ የሚያወራውም ስለ እሱና ስለ ሆዷ ፍሬ ነው።

ስቶንስ? ነርሷ የሞተች ቀን ልጆቹንም በሽተኞቹንም ጥሎ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ቦስተን ውስጥ ስመ ጥር የጉበት ንቅለ ተከላ ሐኪም ሆኖ እናገኘዋለን። ጥሎ የሄደው ሰው ሙያው አድጎ ይጠብቀናል። የቆየችው ሴት መቃብሯ ሚሲንግ ነው።

ደራሲው የስደትን የሥራ ገጽታ ስላላወቀ ነው እንዳንል፣ አሳምሮ ያውቀዋል። ማሪዮን በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ይወጣና ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ባለ የድሆች ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ይቀጠራል። እዚያ አንድ ባልደረባው የአሜሪካን የሆስፒታል ሥርዓት በሁለት ከፍሎ ያስረዳዋል፤ የአገሬው ተወላጆች የሚሠለጥኑባቸው ባለ ስም ሆስፒታሎችና ከውጭ በመጡ ሐኪሞች ጉልበት የሚንቀሳቀሱ ሆስፒታሎች። ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ለምን እንደሆነ፣ ሁሉም አለ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠው ክፍል ይሄ ነው። ቨርጊስ ራሱ አዲስ አበባን ለቆ አሜሪካ እንደገባ፣ ትምህርቱን ማድራስ ሄዶ ከመጨረሱ በፊት፣ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ሠርቷል፤ በሽተኛ ማገላበጥና አልጋ መቀየር ምን እንደሆነ በእጁ ያውቃል። ያንን እውቀት ሐኪሞቹን ሲጽፍ ተጠቀመበት፤ ነርሷን ሲጽፍ ግን ሥዕል አደረጋት።

ላለመበደል ሁለት ነገር ልጨምር። ሚሲንግን የምታስተዳድረው ማትሮን ገንዘብ ታውቃለች፤ ከአሜሪካ ለመጣ ለጋሽ የጎደላት መድኃኒትና ምግብ እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ አለመሆኑን በግልጽ ስትነግረው ደስ ትላለች። አንዲት ተለማማጅ ነርስም አለች፤ ልቦለዱ አብዛኛውን ጊዜ «ተለማማጇ» እያለ በማዕረጓ ይጠራታል። ፈርታ፣ ተሳስታ፣ ቀስ በቀስ ሙያ የምትለምድ ልጅ ናት። ከመነኩሲቷ ይልቅ እኔ የማውቃትን ነርስ የምትመስለው እሷ ናት። ደራሲው ግን ዓይኑን ብዙ አያሳርፍባትም።

ሕመሙ የቨርጊስ ብቻ አይደለም፤ እኛም ቤት አለ። ሂርና የሄዶ መመለስን ታሪክ የምታውቅ ከተማ ናት። ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩት፣ ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ «ፋቡላ»ን ጽፈው የአማርኛን ቴአትር የጀመሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእርጅና ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚሁ እርሻቸው ላይ ነው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በ1941 ዓ.ም. «አርአያ»ን ሰጡን፤ ፈረንሳይ ሄዶ የተማረ ወጣት አገሩን ሊያገለግል የሚመለስበትን ልቦለድ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሄድ የምናወራው በዚያ ሚዛን ነው። ለትምህርት ሂድ፤ ተመለስ፤ አገልግል። የተመለሰ አርአያ ነው፤ የቀረ ከሀዲ። ለደሞዝ የሄደ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ነርስ፣ በዚህ ሚዛን ላይ የምትቀመጥበት ቦታ የለም።

አሁን ከመጽሐፍ ወጥቼ ወደ ክፍል ጓደኞቼ ልሂድ። ስንመረቅ ዕጣ አወጣን፤ የእኔ ምዕራብ ሐረርጌ ወጣ። ኦሮምኛ የተማርኩት ከበሽተኞቼ ነው። ከክፍላችን አንዳንዱ አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ገባ፤ ቀን መንግሥት ቤት፣ ማታ ክሊኒክ የሚሠራም አለ። አንዳንዷ ውል ፈርማ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። አንዳንዱ ነርስነትን ጭራሽ ትቶ ሱቅ ከፈተ። አንዷ አሜሪካ ናት።

እሷ መጀመሪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ሆና ሌሊት ሌሊት ሠራች። ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና አለፈች። አሁን «ትራቭል ነርስ» ናት። እኛ ጋ ያልተለመደ ሥራ ስለሆነ ላስረዳ። ነርሷ የሆስፒታሉ ቋሚ ሠራተኛ አይደለችም፤ የምታገናኛት ኤጀንሲ ናት። ሰው የጎደለው ሆስፒታል አብዛኛውን ጊዜ ለ13 ሳምንት ይዋዋላታል። ክፍያዋ በሳምንት ይሰላል፤ የቤት ኪራይ አበልም ይኖረዋል። ውሉ ሲያልቅ ታድሳለች፣ ወይ ሻንጣዋን መኪና ላይ ጭና ወደ ሌላ ግዛት ትነዳለች። በኮቪድ ጊዜ የእነዚህ ነርሶች ክፍያ ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ በኋላ ወረደ።

በቴሌግራም ድምፅ ስትልክልኝ የነገረችኝ ይሄን ነው። «እዚህ ማንም ሲስተር አይለኝም፤ ባጄ ላይ ያለውን ስሜን ነው የሚጠሩት። ደስ ይላል። ግን ስሜን ለምደውት ሳይጨርሱ እሄዳለሁ።» ሌላ ዋርድ ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የምትላከው እሷ ናት። 13 ሳምንት ማለት የመድኃኒቱ ካቢኔ የት እንዳለ ስትለምድ የሚያልቅ ጊዜ ነው። በምትኩ የእናቷን ቤት ሠርታለች፤ ታናሽ ወንድሟን አስተምራለች፤ ሲደክማት ሁለት ወር ውል ሳትፈርም ታርፋለች። ማንንም አታስፈቅድም።

እኔ ደግሞ እዚህ የመጀመሪያ ክትባቱን የወጋሁት ልጅ ዛሬ ደብተር ይዞ ሲያልፍ በሩቁ ይጠራኛል። ይሄ ደሞዝ አይደለም፤ ግን ዋጋ አለው። እሷ ይሄን ሰጥታ ያንን ገዛች፤ እኔ ያንን ትቼ ይሄን ያዝኩ። ሁለታችንም ሒሳብ ሠርተናል። የሁለታችንም ሒሳብ በየዓመቱ ይከለሳል። እኔን ጀግና፣ እሷን ኮብላይ የሚያደርግ ነገር እዚህ ውስጥ አይታየኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ8 ነርሶች አንዷ ከተወለደችበት ወይም ከተማረችበት አገር ውጭ ትሠራለች። ይህን ሁሉ ሕዝብ በጥሪና በክህደት ብቻ ልንረዳው አንችልም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደሞዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ስልኬ ላይ ሁለት ቃላት ሲወራወሩ ሰነበቱ፤ «መሐላ» እና «ደሞዝ»። አንዱን የያዘ ሌላውን የጣለ ይመስል ነበር። የሚገርመው፣ የቨርጊስ ልቦለድ ርዕስም የተወሰደው ከመሐላ ነው። በጥንቱ የሂፖክራተስ መሐላ ሐኪሙ የፊኛ ጠጠር ለማውጣት ሰው እንደማይቀድ፣ ያንን ለሙያተኞቹ እንደሚተው ይምላል። እንደ እኔ ንባብ መሐላው ስለ ቅድስና ብቻ አያወራም፤ ይሄ ሥራ የኔ ነው፣ ያኛው የሌላ ሰው ነው ብሎ ወሰን ያበጃል። የሥራ ዝርዝር በሉት። የሥራ ዝርዝር ካለ ደግሞ ክፍያና የሥራ ሰዓት ከኋላው መምጣታቸው አይቀርም። ልቦለዱ ከመሐላው የሐኪሙን ቁስል አውጥቶ አሳየን፤ የነርሷን የሥራ ዝርዝር ግን አልጻፈልንም።

«መነኩሲት እኮ ናት፤ ደሞዝ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለ ነርስ የተጻፈውን እጅግ የተዋበ የአዲስ አበባ ታሪክ ስንፈልግ ያገኘነው ደሞዝ የማትጠይቅ ሴት መሆኗ ግን በአጋጣሚ አይመስለኝም። እንድትወደድ መመንኮስ ነበረባት፤ እንድትታወስ መሞት።

አንድ ሰው ሌላኛዋን እስኪጽፍልን እየጠበቅኩ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ ለማስፈረም ሦስት ቢሮ የምትመላለሰውን፤ የኤጀንሲውን ውል ማታ በስልኳ መብራት እያነበበች አንድ አንቀጽ ላይ የምትቆመውን፤ ሄዳ የማትጸጸተውን፣ ወይ ቀርታ የማትመሰገነውን። እስከዚያው «ካቲንግ ፎር ስቶን»ን አንብቡት፤ ይገባዋል። ነርሷ ወደ ክፍሉ በገባች ቁጥር ግን ለአፍታ አቁሙና ማን እንደላካት፣ ስንት እንደሚከፈላት፣ ውሏ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ።