ጥግ ላይ ለቆመው ማድረቂያ ምድጃ

በአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ዲጂታል ሚዛኑን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጥግ ላይ የቆመውን ማድረቂያ ምድጃ አከብራለሁ። በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያድር ውሃውን ያባርራል፤ ጠዋት የጎደለው ክብደት የአፈሩ እርጥበት ነው። ጂፕሰም ወይም ብስባሽ የበዛበት አፈር ሲመጣ ሙቀቱ ወደ 60 ዝቅ ይደረጋል፤ አለዚያ ከውሃው ጋር ሌላም ነገር ይሄድና ስሌቱ ይዋሻል።

የሚጠይቀን ጥቂት ነው፦ ደልዳላ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ ቦታ፣ ያልተደፈነ የአየር መውጫ። በአልኮል ወይም በአሴቶን የታጠበ ዕቃ ግን ፈሳሹ ተንኖ ሳያልቅ አይግባበት፤ ተኑ ይቀጣጠላል። በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ ሳያምኑ ሌላ ቴርሞሜትር የሚያስገቡትን ቴክኒሻኖችም (አንዳንዴ ነዝናዛ ይባላሉ) አብሬ አመሰግናለሁ። ምድጃው ባይኖር የመንገድ መሐንዲሱ የአፈሩን እርጥበት በእጁ ጨብጦ ይገምት ነበር።