የቴሪ አድኪንስ መለከቶች፦ በነሐስ ርዝመት የተወሰነ ዜማ

አሜሪካዊው ቀራፂ ቴሪ አድኪንስ (እ.ኤ.አ. 1953–2014) ዘወትር የሚወደሰው በሥራዎቹ በዘከራቸው ሰዎች፣ በብሉዝ ዘፋኟ ቤሲ ስሚዝ፣ በፀረ ባርነት ታጋዩ ጆን ብራውንና በጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ ምክንያት ነው። ይህ ውዳሴ መሠረት ቢኖረውም የሥራው ጉልበት ከታሪኩ እንደሚመነጭ ስለሚያስመስል፣ ከሁሉ የሚልቀውን የእጁን ጥበብ ይጋርዳል። አድኪንስ በ1986 ባቋቋመው ሎን ዉልፍ ሪሳይታል ኮር በተባለው ቡድኑ አማካይነት ቅርፃቅርፅን ከክዋኔ ጥበብ፣ ማለትም በአርቲስቱ አካልና ድርጊት በተመልካች ፊት ከሚፈጸም ጥበብ፣ ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ ዓላማውም ቅርፅን እንደ ሙዚቃ የማይጨበጥ፣ ሙዚቃንም እንደ ቅርፅ የሚዳሰስ ማድረግ ነበር።

ይህ ዓላማ ከቃል አልፎ የተፈጸመው «የመጨረሻው መለከት» በተሰኘው የ1995 ሥራ ነው። አራቱ መለከቶች እያንዳንዳቸው 18 ጫማ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል፣ የሚረዝሙ ሲሆኑ፣ ጫፋቸው ከትሮምቦንና ከሱዛፎን፣ ማለትም በማርሽ ባንድ በትከሻ ተጠምጥሞ ከሚነፋው ግዙፍ መሣሪያ፣ በተወሰደ ሰፊ አፍ ይጠናቀቃል። ቱቦ በረዘመ መጠን ድምፁ ስለሚወፍር፣ አድኪንስ የነሐሱን ልክ በወሰነበት ቅጽበት የዜማውንም ወሰን አስምሯል፤ የቀራፂው ውሳኔና የዜማ ደራሲው ውሳኔ አንድ ሆነዋል ማለት ነው። የሀገራችን እምቢልታ ነፊዎች ሁለት ሦስት ሆነው ጥቂት ጥቂት ድምፆችን በማዋጣት ዜማ እንደሚሠሩ ሁሉ፣ እዚህም ሙሉነት የሚገኘው ከነፊዎቹ ኅብረት ነው። ነፊው መሣሪያውን ይዞ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ የነሐሱ ክብደት የትንፋሹም የአቋሙም ገዥ ይሆናል። የአድኪንስን አድናቂዎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሲጽፉ ማየት ብርቅ ነው።

ነቀፌታም አለ። በበርካታ ትርኢቶቹ የታላላቅ ሰዎች ስም፣ ሰነድና ቁሳቁስ በላይ በላዩ ስለሚደረደር ርእሱ የቅርፁን ሥራ ይሠራለታል፤ ስሙን የማያውቅ ተመልካችም ባዶ እጁን ይወጣል። ከዚህ ድካም ነፃ የሆነው «የታፈኑ ከበሮዎች» (2003) ነው። ትልልቅ ከበሮዎች እርስ በርስ ተደራርበው ወደ ላይ የቆሙበት ይህ ሥራ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ 10,000 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን በምሥራቅ ሴንት ሉዊስ ከተማ በጥቁሮች ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በመቃወም፣ ከታፈነ የከበሮ ድምፅ በቀር በዝምታ ያደረጉትን ሰልፍ ያስታውሳል። ይሁንና ሰልፉን የማያውቅ ሰው እንኳ፣ ሊመታ ተሠርቶ የማይመታ ነገር ፊት ሲቆም የታመቀው ድምፅ ይሰማዋል። ያለ ነፊና ያለ መቺ ይህን ያህል የሚናገር ሥራ በዘመኑ የድምፅ ጥበብ ውስጥ ጥቂት ነው።

መለከቶቹ ግን ዝምታ አይበቃቸውም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2017 የቡድኑን ሥራ ሲያሳይ ከዕቃዎቹ ጎን ክዋኔዎችንም ማዘጋጀቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ስለዚህ እነዚህን መለከቶች የሚያሳይ ተቋም ሁሉ ከማሳያው ወጪ ጋር የነፊዎቹንም አበል በበጀቱ ሊይዝ ይገባል።