የመሀል ዳኛው እጅ

ኢትዮጵያ በወንዶች ዓለም ዋንጫ ተጫውታ አታውቅም፤ ኢትዮጵያዊ ግን ዳኝቷል። ግንቦት 30 ቀን 1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ቶሉካ በተባለች ከተማ ስዊድንና እስራኤል አንድ እኩል ሲለያዩ ጨዋታውን በመሀል ዳኝነት የመሩት ስዩም ታረቀኝ ናቸው። ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ ዳኞች ኪስ ውስጥ የገቡት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ውድድር ነው። ከ48 ዓመት በኋላ ደግሞ ባምላክ ተሰማ ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት 36 ዋና ዳኞች አንዱ ሆነ። ሊዲያ ታፈሰም በ2007 ለካናዳው፣ በ2011 ለፈረንሳዩ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመርጣ ሄዳለች።

እነዚያ 36 ሰዎች ከየት ይገኛሉ? ሲጀመር ቦታው በአህጉር የተሸነሸነ ነው። ለሩሲያ አውሮፓ 10፣ ኦሺኒያ 2፣ የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 6 ደረሳቸው። ስለዚህ የባምላክ ፉክክር ከጣሊያንና ከብራዚል ዳኞች ጋር አልነበረም፤ ከጋምቢያው ባካሪ ጋሳማና ከዛምቢያው ጃኒ ሲካዝዌ ተርታ ለመሰለፍ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው መሰላል ረጅም ነው። ኮርስ ወስዶ በሰፈር ውድድር ፊሽካ የያዘ ወጣት ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ፌዴራል ዳኛ ይሆናል፤ ከዚያ ፌዴሬሽኑ ስሙን ለፊፋ ይልካል። ደረቱ ላይ የሚለጠፈው የፊፋ ባጅ ዓመቱ የተጻፈበት ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ አሮጌው ይነሳና አዲስ ካልመጣ ኢንተርናሽናልነቱ እዚያው ያበቃል።

የአካል ብቃት ፈተናም አለ። 40 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ6 ሰከንድ። ቀጥሎ 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በ18 ሰከንድ መራመድ፣ ይህንኑ አርባ ጊዜ። ሲደመር አራት ኪሎ ሜትር በ22 ደቂቃ ነው። ለሯጭ አገር ሰው ምን አላት ሊባል ይችላል፤ ግን ፈተናው እግርን ብቻ አይደለም የሚለካው። ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ዓይን ንጹህ ሆኖ መቆየቱ ነው ጉዳዩ፤ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ትንፋሽ ቶሎ ነው የሚያጥረው።

ሙያውን በቅርብ ለማየት ሩሲያ መሄድ አያስፈልግም። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ እሁድ ጠዋት ጤና ቡድኖች ይጫወታሉ። ሆዳቸው የሚቀድማቸው ጎልማሶች ናቸው፤ ዳኛው ደግሞ የልጆቻቸው እኩያ ወጣት። አንድ እሁድ ኳሱን ትቼ እሱን ብቻ ስከታተል ነበር። የማዕዘን ምት ሲመታ ቀና ብሎ ኳሱን አያይም፤ ዓይኑ ጎሉ ፊት ለፊት ማልያ በሚጎትቱት እጆች ላይ ነው። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አላንጠለጠለም፤ ጣቱ ላይ አስሮታል፤ ከአፉም ያርቀዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊሽካ ከንፈር ላይ ከዋለ ትንፋሽ ሐሳብን ይቀድማል። እጅ ላይ ከሆነ ግን አፍ እስኪደርስ ባለችው ቅጽበት የሚቀጥለውን ማየት ይቻላል። አንዱ አጥቂ ተጠልፎ ተንገዳገደ። ዳር የቆመው ሁሉ ጮኸ። ልጁ እጁን ደረቱ ድረስ አንስቶ እዚያው አቆመው። አጥቂው እንደምንም ሳይወድቅ ለጓደኛው አቀበለ፤ ያኔ ዳኛው ሁለት እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ “ቀጥል! ቀጥል!” አለ። ኳሱ ውጪ ሲወጣ ጠላፊው አጠገብ ደርሶ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ “ጋሼ፣ አይቼዎታለሁ” አላቸው። ጋሼ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግራቸውን ሰበሰቡ። የፊፋ መራጮች እንመዝነዋለን የሚሉት ሰብዕናና ጨዋታን የማንበብ ችሎታ ሜዳ ላይ ሲወርድ ይኸው ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አንድን ዳኛ ምን ያህል እንደሚያምነው ለማወቅ የሚሰጠውን ጨዋታ ማየት ይበቃል። ባምላክ ሩሲያ ላይ በአራተኛ ዳኝነት ብቻ ሠርቶ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ጨዋታ የግብፁ አል አህሊ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 ያሸነፈው በፍፁም ቅጣት ምቶች ውዝግብ መካከል ነበር፤ የአህሊው አጥቂ ዋሊድ አዛሮ እንደተጎተተ ለማስመሰል የገዛ ማልያውን ቀድዶ ታግዷል። ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ቱኒዚያ ውስጥ ራዴስ ላይ ባምላክ የገባው እዚያ እሳት ውስጥ ነው። ኤስፔራንስ 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የያውንዴው ምሽት ነው። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቡርኪና ፋሶ ከሴኔጋል። ዋሊያዎቹ ከራሷ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ከተመደቡበት ምድብ ወድቀው አገር ገብተዋል፤ የአገሩ ቡድን ሲሰናበት ነው ለዳኛ መንገድ የሚከፈትለት። በመጀመሪያው አጋማሽ የቡርኪናው ግብ ጠባቂ ኤርቬ ኮፊ ከሴኔጋሉ ኩያቴ ጋር ተላተመ። ባምላክ ወደ ነጥቡ አመለከተ። ከቪኤአር ተጠርቶ ስክሪኑን አየና ሻረው፤ ኮፊም በቃሬዛ ወጣ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል ኤድሞንድ ታፕሶባ በእጅ ነካ ተብሎ ለሴኔጋል ሌላ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ እንደገና ስክሪን፣ እንደገና ሽረት።

በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ የገዛ ውሳኔውን በአህጉር ፊት ያጠፈ ዳኛ ከዕረፍት መልስ ማን ይሰማዋል? ብዙ ዳኛ እዚህ ላይ ማካካስ ይጀምራል፤ ሁለት የተነጠቀው ቡድን ሦስተኛው ሲመጣ ይሰጠዋል። ባምላክ አላካካሰም። የሴኔጋል ሦስት ጎሎች አንዳቸውም ከፍፁም ቅጣት ምት አልመጡም፤ ዲያሎ፣ ጌዬና ማኔ በጨዋታ አገቧቸው፤ ብላቲ ቱሬ ለቡርኪና አንድ መለሰ፤ 3 ለ 1። ጨዋታው ከዳኛው እጅ አልወጣም።

የፍጻሜው ጨዋታ ለደቡብ አፍሪካዊው ቪክቶር ጎሜስ ተሰጠ። ግንቦት 11 ቀን ፊፋ የኳታሩን ዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ሲያወጣ ጎሜስ አለበት፤ ሩዋንዳዊቷ ሳሊማ ሙካንሳንጋም በወንዶች ዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመረጡት ሦስት ሴት ዋና ዳኞች አንዷ ሆና አለችበት። ባምላክ የለበትም። የተሻረ ውሳኔ በግምገማ ወረቀት ላይ ስሕተት ተብሎ መመዝገቡ ያለ ነው፤ አልከራከርም። ወረቀቱን እኔ ብሞላው ኖሮ ግን ከሁለተኛው ሽረት በኋላ ለነበሩት 45 ደቂቃዎች ለብቻቸው ነጥብ እሰጥ ነበር።